የአያት ቤት ሲታደስ፦ ጭቃ ወይስ ሲሚንቶ?

ደብረ ማርቆስ ያለው የአያቴ ቤት በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ነው፤ የግድግዳው ልስን ግን ሁለት ዓይነት ነው። የመንገዱን ፊት አጎቴ «ሰው ያየዋል» ብሎ በሲሚንቶ አስለሰነው። ብሩ አለቀና የጓሮው በጭቃ ተመረገ። ዛሬ የወላጆቹን ቤት ላድስ የሚል ሰው ሲያማክረኝ ወስጄ ሁለቱንም አሳየዋለሁ።

ሲሚንቶው መጀመሪያ ያምር ነበር። ቀጥ ያለ፣ ለስላሳ፣ ቀለም ሲቀቡት ደስ የሚል። በሁለተኛው ክረምት ግን ተሰነጠቀ። ከሥር ያለው ጭቃ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ግትር ስለሆነ አብሮት አይሄድም። በስንጥቁ የገባው ዝናብ ደግሞ መውጫ ያጣል። ያኔ ቋሚውና ማገሩ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳሉ፤ ከውጭ ምንም አይታይም። እኛ የነቃነው ልስኑ እንደ ቅርፊት ሲነሳ ነው። አንዱ ቋሚ ግርጌው በጣት ይፈረፈር ነበር። ሽቦ ወጥሮ መለሰን ልስኑ ቶሎ እንዳይረግፍ ይረዳል፤ የታፈነውን እርጥበት ግን አያስወጣም።

የጓሮው ጭቃ ይተነፍሳል። የጠጣውን ውሃ በጋ ሲገባ ይተፋዋል። ጣጣው ግን አለ፤ ዝናብ የሚመታው ጎን በየጊዜው ይላጣል፣ እንደገና መምረግ ግድ ነው። «አንዴ ሠርቼ ልረሳው» ለሚል ሰው ጭቃ አይሆነውም።

ጭቃን ከመረጣችሁ አፈሩን እዩ። ጥቁሩ ዋልካ ሲደርቅ ስለሚሰነጣጠቅ ቀይ አፈር ይሻላል። ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ፣ ውሃ እየጠጣ ለቀናት መቡካት አለበት። ዛሬ አቡክቶ ነገ ልምረግ የሚላችሁን ሠራተኛ አትስሙት። ጊዜው ከጥር እስከ መጋቢት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ጤፉ ተወቅቶ ጭድ አለ፣ ፀሐይም አለ።

ቀለም ላይም ያው ነው። ፕላስቲክ ቀለም ግድግዳውን እንደ ላስቲክ ይሸፍነዋል። ኖራ ግን እርጥበት ያሳልፋል፣ ርካሽም ነው፤ ልብስ ላይ መራገፉና ቶሎ መደገም መፈለጉ ነው ችግሩ። እኔ ኖራውን እመርጣለሁ። ስትበጠብጡት ዓይናችሁን ጠብቁ፣ ያቃጥላል።

ሲሚንቶ ጭራሽ አይግባ አልልም። የድንጋዩን መሠረት መገጣጠሚያ ለመሙላት ቦታው ነው። ሽንት ቤትና ወጥ ቤትም ከዋናው ቤት ነጥላችሁ በብሎኬት ብትሠሩ፣ አሮጌው ግድግዳ ከውሃ ይድናል።

ጣራ ላይ ብዙ አልልም። ቆርቆሮ ስትገዙ የጌጁ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው እንደሚሳሳ አትርሱ፤ 28 ከ35 ይወፍራል። ክፈፉን ግን ረዘም አድርጉት፣ ከማንኛውም ልስን በላይ ግድግዳውን የሚያድነው እሱ ነው።

አሮጌው የዋንዛ በርና መስኮት ካልበሰበሰ በላሜራ አትለውጡት። ፍቃችሁ ዘይት ቀቡት። ዛሬ ያንን የሚያህል የዋንዛ ጣውላ ልግዛ ብትሉ ኪስ ይጎዳል።

አጎቴ ዘንድሮ የፊቱን ልስን እያስፈነቀለ ነው። ጭዱ ጓሮ ተከምሯል፤ የቀረን የሚረግጥ ጎረምሳ ነው።