ጅብ ሲሆኑ ጉትቻው የት ይገባል? የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነፃ ሕግ ለጎጃም ተጫዋቾች

ጎጃም ውስጥ ቅርጽ መቀየር ምን እንደሆነ ለተጫዋች ማስረዳት ጊዜ አይፈጅም። ጅብ ሆኖ የወጣው ሰው ሲገደል ጆሮው ላይ ጉትቻ ተገኘ የሚለውን ተረት ያልሰማ ጥቂት ነው። (ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ ማለት ግን ከነአካቴው ጨዋታው ውስጥ አይግባ፤ ያ ወሬ እውነተኛ ሰዎችን ሲያስገልል የኖረ ነው።) ጥያቄው ጉትቻው አስማት ቢኖረው ምን ይሆናል የሚለው ነው።

ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ (ገጸ ባሕሪ ይዘው በዳይስ የሚጫወቱት የምናብ ጨዋታ) አሳታሚው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት እ.ኤ.አ. በ2023 በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ (ምንጩን ጠቅሶ በነፃ መጠቀም በሚፈቅደው) የለቀቀው የሕግ ሰነድ 5.1 ለዚህ ሁለት የተለያየ መልስ ይሰጣል። ድሩይድ (የተፈጥሮ አስማተኛ የሆነ የገጸ ባሕሪ ዓይነት) በዋይልድ ሼፕ (እንስሳ በመሆን ችሎታው) ሲቀየር ዕቃውን መጣል፣ ከገላው ጋር ማዋሃድ ወይም እንደለበሰው መቆየት ይችላል፤ ለአዲሱ ገላ ይስማማ እንደሆነ አጫዋቹ (ጨዋታውን የሚመራው) ይወስናል። ጉትቻ ለጅብ ጆሮ ስለሚስማማ አስማቱ ይሠራል። ከተዋሃደ ግን ምንም አይሠራም። ፖሊሞርፍ (ሰውን ወደ እንስሳ የሚቀይር ድግምት) ምርጫ የለውም፤ የለበሱት ሁሉ ይዋሃዳል፣ ሰው እስኪሆኑም አይጠቅምም።

አእምሮም እንዲሁ ይለያያል። ድሩይዱ የራሱን ብልሃት ይዞ ይቀራል። በፖሊሞርፍ የተቀየረው ግን ጠባዩ ብቻ ይቀርለትና የእንስሳውን አእምሮ ይወርሳል፤ የጅብ ብልህነት ደግሞ 2 ነው። «ጅብ ሆኜ ወጥመድ ላዘጋጅ» የሚለውን ተጫዋች እዚህ ላይ ማስቆም ተገቢ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው የሕይወት ነጥቡን፣ ማለትም ምን ያህል ጉዳት እንደሚችል የሚለካውን ቁጥር ነው። ጅብ ያለው 5 ነው። 9 ጉዳት ቢደርስበት ጅብነቱ ይፈርስና የተረፈው 4 ወደ ሰውየው ይሻገራል። ፖሊሞርፍ በደጋሚው (ድግምቱን በሠራው ሰው) ትኩረት የቆመ ስለሆነ፣ ደጋሚው በተመታ ቁጥር በጽናት ዳይስ (ባለ 20 ገጽ ዳይስ ጥሎ የጽናት ቁጥሩን በመደመር) ከ10ና ከጉዳቱ ግማሽ የሚበልጠውን ማምጣት አለበት። ካቃተው ጓደኛው እዚያው ጠላት መሀል ሰው ይሆናል።

የእንስሳት ዝርዝሩ ለእኛ አገር ሳሳ ያለ ነው። ጭላዳ የለም፤ የዝንጀሮው ቁጥር ይበቃል። ጉማሬም የለም፣ ለጣና ጨዋታ ይህ ያሳዝናል፤ የአውራሪስን ቁጥር ወስዶ ዋና መጨመር ይሻላል። አባይ በረሃ ወርዶ አዞ መሆን የሚፈልግ ድሩይድ የገጸ ባሕሪው ደረጃ 4 እስኪደርስ ይጠብቅ፣ ንስር መሆን የሚፈልግ 8።

ከአስማታዊ ዕቃዎቹ የሌሊት ወፍ ካባ ከሁሉ ይበልጣል። ወደ ሌሊት ወፍ የሚቀይረው በጨለማ ወይም በደብዛዛ ብርሃን ብቻ ነው፣ ያም እስከ ንጋት አንዴ ነው። የራስን አእምሮ ያስቀራል፤ የሌሊት ወፏ የሕይወት ነጥብ ግን 1 ስለሆነ ለስለላ እንጂ ለውጊያ አይሆንም። የፖሊሞርፍ በትር 7 ጊዜ ይበቃል፣ በየንጋቱ በባለ 6 ገጽ ዳይስ የወጣውና 1 ተጨምሮ ይመለስለታል። የመጨረሻዋን ሲጠቀሙ በባለ 20 ገጽ ዳይስ 1 ከወጣ በትሩ አመድ ይሆናል፣ ስለዚህ አንዷን ማስተረፍ ነው። ሁለቱም ዕቃዎች አንድ ሰው ከዕቃ ጋር ከሚፈቀዱለት 3 ትስስሮች አንዳንድ ይወስዳሉ።

ሰነዱ 400 ገጽ ገደማ ስለሆነ ፎቶ ኮፒ ቤት ሁሉንም ማሳተም ገንዘብ ማባከን ነው፤ የድሩይድ፣ የፖሊሞርፍና የእንስሳቱ ገጾች ይበቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የሰነዱ እትም 5.2 ለድሩይዱ የእንስሳውን ነጥብ ትቶ በደረጃው ልክ ጊዜያዊ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ስለዚህ የሁለቱን ገጾች ቀላቅሎ አለማተም።