የተማሪዎች የጋራ ኪራይ ቤትን በወኪል ማስተዳደር፦ የአንድ አገልግሎት ግምገማ

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መኝታ ክፍላቸውን ለየብቻ፣ ወጥ ቤቱን፣ መታጠቢያ ቤቱንና ሳሎኑን ደግሞ በጋራ የሚጠቀሙበት ቤት አከራያለሁ። ቤቱን በእኔ ስም የሚያስተዳድረው አንድ ወኪል ድርጅት ነው። ድርጅቱ ተከራይ ይፈልጋል፣ ያዋውላል፣ ቤቱን ያስረክባል፣ ኪራይ ይሰበስባል፣ የተበላሸውን ያስጠግናል፣ በትምህርት ዘመኑ መጨረሻም ቤቱን መልሶ ይረከባል፤ ለዚህም ከየወሩ ኪራይ ላይ በመቶኛ የሚሰላ ክፍያ ይወስዳል። ይህን መሰል ውል ለመፈረም ለሚያስብ አከራይ ከስሙ ይልቅ አሠራሩን ማወቅ ስለሚጠቅመው ድርጅቱን በስም አልጠራውም። በአጭሩ ግን፣ በርክክብ ሥራው ከልብ የሚመሰገን፣ በጥገናው በኩል ደግሞ የባለቤቱ ዓይን ሊለየው የማይገባ ድርጅት ነው።

አንድ ቤተሰብ የሚከራየው ቤት አንድ አዛዥ አለው፤ ቧንቧ ሲያፈስ የሚናገር፣ ዕቃ ሲሰበር የሚጠየቅ ሰው ይታወቃል። በተማሪዎች የጋራ ቤት ግን መኝታ ክፍሉ ባለቤት ሲኖረው ወጥ ቤቱና መተላለፊያው ባለቤት የላቸውም። ብልሽትም ክርክርም በብዛት የሚነሣው ከእነዚህ የጋራ ቦታዎች ነው። ስለዚህ የእንዲህ ያለው ወኪል ችሎታ መለካት ያለበት የማንም ያልሆነውን ቦታ በምን ዘዴ የሁሉም እንደሚያደርገው ነው። ኪራይ በቀኑ ገቢ ማድረግ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ሥራ ነው።

የድርጅቱ ጥንካሬ ጎልቶ የሚታየው በርክክብ ሰነዱ ላይ ነው። ብዙ አከራዮች የሚያውቁት «አልጋ አንድ፣ ጠረጴዛ አንድ፣ ወንበር አንድ» እያለ የሚዘረዝር ገጽ ነው፤ እንዲህ ያለው ዝርዝር ዕቃው መኖሩን እንጂ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ አይናገርም። የዚህ ድርጅት ሰነድ ግን እያንዳንዱን ክፍል ከበሩ ጀምሮ ዙሪያውን እየሄደ ይመዘግባል። የአንዱን ክፍል ገጽ ብንወስድ፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ ያለው የካውያ ቃጠሎ ማስመሪያ ከጎኑ ተቀምጦለት ፎቶ ተነሥቷል፤ ፍራሹ በፊቱም በጀርባውም ተገልብጦ ታይቷል፤ የቁም ሣጥኑ አንዱ ማጠፊያ መላላቱ ተጽፏል፤ የመብራትና የውኃ ቆጣሪዎቹም ቁጥራቸው በሚነበብበት ርቀት ተነሥተዋል። ወጥ ቤቱ ደግሞ ለብቻው ሰነድ ተዘጋጅቶለት ሁሉም ተከራዮች ፈርመውበታል። ከሁሉም የወደድሁት ግን ተማሪዎቹ ከገቡ በኋላ ሰነዱን በየክፍላቸው እንዲያመሳክሩና ያልተመዘገበ ጉድለት ካገኙ በፎቶ አስደግፈው እንዲያስገቡ የሰባት ቀን ጊዜ መሰጠቱ ነው። ይህ ለተማሪው ጥበቃ ነው፤ ለአከራዩም ጥበቃ ነው፤ ምክንያቱም ተከራዩ ራሱ አርሞ የፈረመበትን ሰነድ በዓመቱ መጨረሻ ማንም በቀላሉ አያስተባብለውም።

የመያዣ ገንዘብ አያያዙም በዚሁ ሰነድ ላይ የቆመ ነው። በመኝታ ክፍል ውስጥ የደረሰ ጉዳት ከክፍሉ ተከራይ መያዣ፣ በጋራ ቦታ የደረሰና አድራሹ ያልታወቀ ጉዳት ደግሞ ከሁሉም እኩል ይቀነሳል። ይህ አከፋፈል በውሉ ውስጥ አስቀድሞ በግልጽ በመስፈሩ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ሳይነገር ቆይቶ ተማሪው ሻንጣውን ባዘጋጀበት ቀን ቢወጣ ግን ፍጹም ኢፍትሐዊ በሆነ ነበር። ድርጅቱ በአገልግሎት ብዛት የሚመጣን እርጅና ከጉዳት ለይቶ የሚያይ መሆኑም ሊጠቀስ ይገባዋል። ስምንት ዓመት ያገለግላል ተብሎ የሚታሰብ ፍራሽ ስድስት ዓመት ካገለገለ በኋላ ቢቀደድ፣ አከራዩ የቀረው የሁለት ዓመት ዋጋ፣ ማለትም ሩቡ እንጂ የአዲስ ፍራሽ ዋጋ አይገባውም። አንዳንድ አከራዮች ይህን አሠራር ለተከራይ ማድላት አድርገው ሲመለከቱት እሰማለሁ። እኔ ግን ጤናማ አሠራር ነው ብዬ በጽኑ አምናለሁ። ከተማሪ መያዣ ቤት ማደስ የዘረፋ ያህል ነው፤ ቀጣዮቹ ተከራዮች የሚመጡት ከወጡት አፍ ሰምተው መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

ስለ ውሉ ዓይነት ከድርጅቱ ጋር በአሳብ ተለያይተናል። ድርጅቱ ለሁሉም አከራይ የሚመክረው ተማሪዎቹ በአንድ ሰነድ ላይ በጋራና በተናጠል ኃላፊነት የሚፈርሙበትን ውል ነው፤ በዚህ ውል መሠረት አንዱ ኪራይ ባይከፍል ወይም ትምህርቱን አቋርጦ ቢሄድ የጎደለው ከቀሩት ይጠየቃል። አከራዩን የሚጠቅም መሆኑ አያከራክርም። ይሁን እንጂ እርስ በርስ ተመራርጠው በቡድን ለመጡ ጓደኛሞች የሚስማማው ውል፣ ድርጅቱ ራሱ ከየአቅጣጫው ሰብስቦ በአንድ ጣሪያ ሥር ላኖራቸው ለማይተዋወቁ ተማሪዎች አይስማማም። የማያውቁትን ሰው ዕዳ እንዲከፍሉ የተጠየቁ ወጣቶች አብረው ለመኖር ያላቸው ፈቃድ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ለቤቱ የሚተርፈው ጥል ነው። እኔ ለእነዚህ በየክፍሉ የተለየ ውል፣ ለእያንዳንዱም የራሱ ዋስ እንዲኖረው ጠይቄ ተስማምተውልኛል። የውል ሕግ ከአገር አገር ስለሚለያይ ማንኛውም አከራይ ከመፈረሙ በፊት የሕግ ባለሙያ ማማከር አለበት።

ተከራይ በማፈላለግና ኪራይ በመሰብሰብ በኩል የምነቅፈው የለኝም። ቤቱን ለቀጣዩ ዓመት የሚያስተዋውቁት ነባሮቹ ከመውጣታቸው ብዙ ቀድመው ነው፤ የክፍያ ቀኑንም ተማሪዎቹ ገንዘብ ከሚያገኙበት ጊዜ ጋር ስላስማሙት መዘግየት ቀንሷል። በረጅሙ ዕረፍት ክፍሎቹ ባዶ የሚሆኑበትን ጊዜም ለቀለም ቅብና ለዓመታዊ እድሳት ይጠቀሙበታል።

የብልሽት ማስታወቂያ ሥርዓታቸው ግን ጠለቅ ብሎ መታየት ያለበት ነው። በጋራ ቤት ውስጥ ትልቁ ችግር ሁሉም ችግሩን እያየው «ሌላው ተናግሮ ይሆናል» ብሎ መተው ነው። ከገላ መታጠቢያው ጠርዝ የተላቀቀ ሲሊኮን ለመጠገን የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ማንም ሳይናገር ከከረመ ግን ውኃው ወደ ታችኛው ጣሪያ ሰርጎ ኮርኒሱን ያወርደዋል። ድርጅቱ እያንዳንዱ ተማሪ ከራሱ ስልክ ፎቶ አያይዞ የሚያስታውቅበት መተግበሪያ አለው፤ የገባውን ማስታወቂያም የቤቱ ነዋሪዎች ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ እናየዋለን። ማን እንዳስታወቀና መቼ እንዳስታወቀ ስለሚታወቅ «ሌላው ተናግሮ ይሆናል» ብሎ መተዉ ቀርቷል። ጉድለቱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ማስታወቂያ ሲገባ «ደርሶናል፣ እየተከታተልን ነው» የሚል መልእክት ወዲያው ይላካል፤ ባለሙያው መቼ እንደሚመጣ ግን አይነገርም። የመብራት መቋረጥና የላላ የመጋረጃ ዘንግ በአንድ ሰልፍ ላይ ይቆማሉ። ፈተና ላይ ያለ ተማሪ ሙቅ ውኃ ሳያገኝ ሲሰነብት በመተግበሪያው ላይ የሚያነበው ያንኑ ትሑት መልእክት ነው፤ ይህ ተገቢ አይደለም።

ከጥገናዎቹ ሁሉ ያሳሰበኝና በዝርዝር ልጽፈው የምፈልገው የኤሌክትሪኩ ነው። የወጥ ቤቱ ብሬከር፣ ማለትም ጭነት ሲበዛ መብራቱን የሚያቋርጠው መሣሪያ፣ ማታ ማታ እየዘለለ ያስቸግር ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ 2000 ዋት የሚወስድ የውኃ ማፍያ በ220 ቮልት ላይ 9 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ተመሳሳይ ጉልበት ያለው ምድጃና ማሞቂያ አብረው ሲሠሩ ድምሩ ወደ 27 አምፔር ይደርሳል፤ መስመሩ ግን የ16 አምፔር ነው። ተማሪዎች በተመሳሳይ ሰዓት ከትምህርት ይመለሳሉ፣ በተመሳሳይ ሰዓትም ያበስላሉ፤ ስለዚህ የጋራ ቤት ጭነት ከቤተሰብ ቤት ጭነት የተለየ ነው። ድርጅቱ የላከው ሠራተኛ ብሬከሩን አውጥቶ በትልቅ ቀየረው፤ መዝለሉ ቆመ፤ ማስታወቂያውም «ተጠናቋል» ተብሎ ተዘጋ። ይህ እጅግ አደገኛ ሥራ ነው። ብሬከር የሚጠብቀው በግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው፤ ሽቦው ሳይቀየር ብሬከሩ ብቻ ሲያድግ ሽቦው ከአቅሙ በላይ እየጋለ ማንም ሳያየው መሸፈኛው ይቀልጣል፤ እሳትም የሚነሣው እንዲህ ነው። የሥራውን ፎቶ መተግበሪያው ላይ አይቼ በዚያው ቀን የቀድሞው እንዲመለስ አደረግሁ፤ ቀጥሎም ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ለምድጃው ራሱን የቻለ ወፍራም መስመር ዘረጋለት። ሰዎች በሚያድሩበት ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ ያለ ባለሙያ ቁጥጥር መሠራቱን በይቅርታ ደብዳቤ የሚታለፍ አድርጌ አላየውም፤ ለድርጅቱም በጽሑፍ አሳውቄያለሁ።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው የጥገና ክፍያው ነው። ድርጅቱ ለጥገና በራሱ ሠራተኞች ይጠቀማል፤ በሠራተኛውና በዕቃው ዋጋ ላይም የራሱን ጭማሪ ያክላል። ጭማሪው በውሉ ውስጥ ያለ በመሆኑ ሕገ ወጥ አይደለም። ነገር ግን ብልሽት በበዛ ቁጥር ወኪሉ የሚያተርፍበት አሠራር፣ ችግርን ከሥሩ ከመንቀል ይልቅ ላይ ላዩን እየጠጋገኑ መመላለስን ያበረታታል። ተማሪዎቹ ሻጋታ እንዳለ ባስታወቁ ቁጥር ግድግዳው እየተጠረገ በቀለም ይሸፈን ነበር፤ ተማሪዎቹም «መስኮት ክፈቱ» እየተባሉ ይመከሩ ነበር። መክፈቱ ይጠቅማል፤ የአየር እርጥበት ከ60 በመቶ በታች ሲጠበቅ ሻጋታ ለመስፋፋት ይቸገራልና። ዋናው ምክንያት ግን የመታጠቢያ ቤቱ አየር መሳቢያ በአቧራ ተደፍኖ ድምፅ ብቻ የሚያሰማ መሆኑ ነበር። አየር መሳቢያ መሥራት አለመሥራቱን ለማወቅ አንድ ቁራጭ ወረቀት ወደ ወንፊቱ ማስጠጋት ይበቃል፤ ወረቀቱን ስቦ ካልያዘው አየር አያወጣም ማለት ነው።

በደኅንነትና በግል ነጻነት በኩል ድርጅቱ ጥሩ ውጤት ይገባዋል። በየመተላለፊያው ጭስ ጠቋሚ፣ በጋዝ ማሞቂያው አጠገብ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ተክሏል፤ ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም ስለሌለው የተኛን ሰው ሳያስጠነቅቅ ይገድላል። ጠቋሚዎቹን በየወሩ ቁልፋቸውን ተጭነው ይፈትሻሉ፤ ጭስ ጠቋሚዎቹም 10 ዓመት ሲሞላቸው የሚለወጡበት ቀን ተጽፎባቸዋል። የመኝታ ክፍል በሮች ከውጭ በቁልፍ ቢዘጉም ከውስጥ ያለ ቁልፍ እንዲከፈቱ ተደርገዋል፤ አንድ ተማሪ በሩ ላይ የሰካውን ተጨማሪ ጓጉንቸርም ምክንያቱን አስረድተው አስነሥተዋል። ወደ መኝታ ክፍል የሚገቡት አንድ ቀን አስቀድመው አሳውቀው ነው። አከራይነት በተማሪው ክፍል እንዳሻ የመግባት መብት እንደማይሰጥ ለአዳዲስ አከራዮች የሚሰጡት ማብራሪያም ግልጽና ጨዋነት ያለው ነው።

ውሉን አድሼዋለሁ፤ ግን እንደነበረ አይደለም። ከሥራ ጋር አጣምረው ቤት ለሚያከራዩና በየቀኑ ብቅ ማለት ለማይችሉ ሰዎች ይህ አገልግሎት ክፍያው የሚገባው ነው፤ ከቤቱ አጠገብ ለሚኖርና ጊዜ ላለው አከራይ ግን የርክክቡን ሥራ ብቻ ለይቶ ቢገዛ ይሻለዋል፤ ድርጅቱም በዚህ መልክ ለመዋዋል ፈቃደኛ ነው። በታደሰው ውል ውስጥ ብልሽቶች በሦስት ደረጃ ተከፍለዋል፤ ለሕይወት የሚያሰጋው በዚያው ቀን፣ ውኃ፣ መብራትና ማሞቂያ በማግሥቱ፣ የቀረው በአሥር ቀን ውስጥ ባለሙያ እንዲያገኝ ተጽፏል። ከተወሰነ ወጪ በላይ የሆነ ጥገና ከአደጋ ጊዜ በቀር ያለ እኔ ፈቃድ አይጀመርም፤ የዕቃው ደረሰኝ ከሂሳቡ ጋር ይያያዛል፤ የኤሌክትሪክና የጋዝ ሥራ የሠራው ሰው የፈቃድ ቁጥር በሥራው መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ማስታወቂያም «ተጠናቋል» ተብሎ የሚዘጋው ያስታወቀው ተማሪ መስተካከሉን አይቶ ሲያረጋግጥ ብቻ ነው።