ብቅ ባይ ማስታወቂያ ላስመረራችሁ፦ ዩብሎክ ኦሪጅንን ተጠቅሜ ያየሁት

አንድ ጽሑፍ ላነብ እከፍታለሁ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሳልደርስ ገጹ ይጨልምና መሐሉ ላይ "ኢሜይልዎን ያስገቡ" የሚል ሳጥን ይደነቀራል። እሱን ስዘጋ ከታች የኩኪ ፈቃድ ይጠብቀኛል፣ ጥግ ላይ ማንም ያልነካው ቪዲዮ መለፍለፍ ይጀምራል፣ ከላይ ደግሞ ኖቲፊኬሽን እንላክልዎ ወይ የሚል ጥያቄ ይመጣል። የመዝጊያዋ ኤክስ ከማነሷ የተነሳ ጣቴ ማስታወቂያው ላይ ያርፍና ሌላ ታብ ይከፈታል። ስመለስ የት ጋ እንደነበርኩ ጠፍቶኛል። ይሄ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። ለማንበብ ያለችኝን ትንሽ ጊዜ ሳጥን ስዘጋ መጨረስ ያናድደኛል።

ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለውን ማስታወቂያ ማገጃ ኤክስቴንሽን (ብሮውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ከጫንኩ ከአንድ ዓመት በላይ ሆነኝ። ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልናገር፦ በጣም ጥሩ ነው፣ ግን ጭናችሁ ብቻ ከተዋችሁት የሚሠራላችሁ ግማሹን ሥራ ነው።

ብዙ ሰው "ብሮውዘሬ እኮ ፖፕ አፕ (ብቅ ባይ) ይከለክላል፣ ታዲያ ይሄ ሁሉ ከየት ይመጣል?" ብሎ ይጠይቃል። ልክ ነው፣ ይከለክላል። የሚከለክለው ግን የድሮውን ዓይነት ነው። ፖፕ አፕ ሲጀመር ለብቻው የሚከፈት መስኮት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ትራይፖድ የሚባል ድርጅት ውስጥ ይሠራ የነበረው ኢታን ዙከርማን ነው ኮዱን የጻፈው። አንድ የመኪና ኩባንያ ማስታወቂያው የወሲብ ይዘት ካለው ገጽ ጋር አብሮ በመታየቱ ተቆጥቶ ስለነበር ማስታወቂያውን ከገጹ ለመለየት ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ጽሑፍ በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። እ.ኤ.አ. በ2004 አካባቢ ፋየርፎክስም ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርም እንዲህ ዓይነቱን መስኮት በራሳቸው ማገድ ጀመሩ። አስተዋዋቂዎቹ ታዲያ ዘዴ ቀየሩ። ዛሬ የሚያስቸግረን ሳጥን አዲስ መስኮት አይደለም፣ የገጹ የራሱ አካል ሆኖ ከላይ የተነጠፈ ነው። ብሮውዘሩ ከጽሑፉ ለይቶ አያየውም፣ ስለዚህ ያሳልፈዋል።

ዩብሎክ ኦሪጅን የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ኢዚሊስትን የመሳሰሉ፣ ፈቃደኛ ሰዎች በየጊዜው የሚያድሷቸው ዝርዝሮች አሉት። የትኛው አድራሻ ማስታወቂያ እንደሚልክ፣ የትኛው የገጽ ክፍል መደበቅ እንዳለበት እዚያ ላይ ተጽፏል። ማስታወቂያው ከመጣ በኋላ ከመሸፈን ይልቅ አብዛኛውን ጊዜ ገና ሳይወርድ ነው የሚያስቆመው፣ ስለዚህ ገጹ ቶሎ ይከፈታል፣ ዳታም ይተርፋል። ስልክ ላይ ልዩነቱ ወዲያው ነው የሚታወቀው።

አሁን ያ ግማሽ ያልኩት ነገር። እንደተጫነ ማስታወቂያ ያግዳል፣ የኩኪና የኢሜይል ሳጥኖች ግን መምጣታቸውን አያቆሙም። እኔም የመጀመሪያውን ሳምንት "ይሄ ነገር አይሠራም" ብዬ ላጠፋው ነበር። ለካ የእነሱ ዝርዝር ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ የፊልተር ዝርዝሮቹን ክፈቱና "ኩኪ ኖቲስስ" እና "አኖያንስስ" የሚሉትን ምልክት አድርጉባቸው፣ ከዚያ ለውጡን ተቀበሉ። ይህን ካደረግኩ ወዲህ ነው ማንበብ ማንበብ የሆነልኝ። በዝርዝሩ ያልተያዘ ሳጥን ከመጣ የመብረቅ ምልክት ያላትን ነክታችሁ ሳጥኑን መምረጥ ነው፣ ይጠፋል። ገጹ እንደገና ሲከፈት ግን ይመለሳል። ለዘለቄታው ለማጥፋት ሌላኛው መምረጫ አለ፣ እሱ ትንሽ መልመድ ይፈልጋል።

ችግር የለውም አልልም። አንዳንድ ገጽ ላይ ሳጥኑ ይጠፋና ገጹ ወደታች አልሄድም ብሎ ድርቅ ይላል። አንዳንዴም ፎርም ሞልቼ መላኪያው አልሠራ ብሎኛል። እንዲህ ሲሆን ትልቁን ማጥፊያ ተጭኖ ለዚያ ሳይት ብቻ ማቆም ነው።

ክሮም የምትጠቀሙ ደግሞ ይህን እወቁ። ጉግል የኤክስቴንሽን አሠራሩን ስለቀየረ ሙሉው ዩብሎክ ኦሪጅን እዚያ ላይ ቀርቷል። ያለው ላይት የሚባለው ነው። መጥፎ አይደለም፣ ግን ዝርዝሮቹ የሚታደሱት ኤክስቴንሽኑ ራሱ ሲታደስ ነው፣ አስተዋዋቂዎቹ ደግሞ ዘዴ ለመቀየር ያን ያህል አይቆዩም። ሙሉውን ከፈለጋችሁ ፋየርፎክስ ላይ አለ፣ አንድሮይድ ስልክ ላይም ጭምር። ስትጭኑ "ኦሪጅን" የሚለውን ቃልና የሠሪውን የሬይመንድ ሂልን ስም ተመልከቱ። ዩብሎክ ብቻ የሚባለው ዛሬ በሌሎች እጅ ያለ ነው። የሂል ሥራ ክፍያ የለውም፣ ልገሳም አይቀበልም፣ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው።

ከማስታወቂያ የሚኖሩ ጸሐፊዎች ይጎዳሉ የሚለው ነገር ያሳስበኛል። ስለዚህ የምወዳቸውና ማስታወቂያቸውን በሥርዓት ጎን ላይ የሚያስቀምጡ ሳይቶች ላይ አጠፋዋለሁ። ለሌላው ግን አላዝንም። የአሜሪካው ኤፍቢአይ እንኳን እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ አጭበርባሪዎች በፍለጋ ውጤት ላይ በሚወጣ ማስታወቂያ የታወቁ ድርጅቶችን እየመሰሉ ሰው እንደሚያታልሉ አስጠንቅቆ ማስታወቂያ ማገጃ ተጠቀሙ ብሏል።

እናቴ ላይ የደረሰውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። አንድ ቀን ደንግጣ ደወለችልኝ። ስልኳ "በቫይረስ ተጠቅቷል፣ አሁኑኑ ያጽዱ" እያለ በየደቂቃው ይጮኻል። ሄጄ ሳየው ቫይረስ አልነበረም። የሆነ ሳይት "ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ ፍቀድ የሚለውን ይንኩ" ብሏት ነክታለች፣ የፈቀደችው ግን ኖቲፊኬሽን እንዲልኩላት ነው። አንድ ጊዜ የተሰጠን እንዲህ ያለ ፈቃድ ዩብሎክ ኦሪጅን አይሰርዝም። በእጅ ነው የሚጠፋው። የብሮውዘሩን ሴቲንግ ከፍቼ ኖቲፊኬሽን የሚለው ውስጥ ስገባ ከአሥር በላይ የማላውቃቸው ሳይቶች ተሰልፈዋል። አንድ በአንድ አጠፋኋቸው፣ ወደፊትም ማንም ሳይት እንዳይጠይቃት ዘጋሁት። ከዚያ ፋየርፎክስና ዩብሎክ ኦሪጅን ጫንኩላትና ዝርዝሮቹን አብሬያት ምልክት አደረግኩ። ማታ ደውላ "ዛሬ እስከ መጨረሻው አነበብኩ" አለችኝ።