ቻይናዋ ከ19 ወር በኋላ፦ አባቴ፣ እህቴ፣ እኔና አንድ የግራ ስፖኪዮ

ቻይናዋን የገዛኋት ግንቦት 2016 ነው። አሁን 19 ወሯ፣ 24 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳለች። አምስት ሰው የምትይዝ፣ ነጭ፣ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የምትሠራ መኪና ናት። የብራንዷን ስም አልጠራም። አንዳንድ ቅሬታ ስላለኝ ነው። ቤታችን ውስጥም ቢሆን በስሟ የሚጠራት የለም። አባቴ በመጀመሪያው ቀን «ቻይናዋ» አላት፣ በዚያው ቀረ።

አባቴ 71 ዓመቱ ነው። ቶዮታ ዲኤክስ አለው። በ1985 ዓ.ም. ያገለገለች ገዝቶ እስከ ዛሬ ይነዳታል። ቀለሟ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፤ ሞተሯ ሁለት ጊዜ ወርዷል። እሱ ግን «አንድም ቀን አላስቸገረችኝም» ይላል። ቻይናዋን ግቢ ሳስገባ ዙሪያዋን አንድ ጊዜ ዞረ። ኮፈኑን እንድከፍት ጠየቀኝ። ከፈትኩ። የለመደው ሞተር የለም። የፕላስቲክ ክዳንና ብርቱካናማ ገመዶች ብቻ። «ፔርሙዝ ነው የገዛኸው?» አለኝ። እናቴ ከበረንዳው ሆና «የቻይናው ፔርሙዝማ ይኸው 20 ዓመቱ፣ ዛሬም ሻይ ያሞቃል» አለች። አባቴ አልመለሰላትም።

ስለ መኪና እየጻፍኩ ስለ አባቴ የማወራው አለነገር አይደለም። በእነዚህ 19 ወራት የገባኝ ነገር ቢኖር መኪና ስንመርጥ የምንመርጠው መኪናውን ብቻ እንዳልሆነ ነው። መጀመሪያ ግን ወደ ቻይናዋ።

ወረቀቷ በአንድ ቻርጅ 500 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ እኔ የማገኘው ከ370 እስከ 390 ነው። አልተከፋሁም፤ የወረቀት ቁጥር የወረቀት ነው። ባትሪዋ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል። ቤት ውስጥ በተራ ሶኬት ሌሊቱን፣ አሥር ሰዓት ያህል ብሰካት ሲሶዋ ይሞላል። ለእኔ ይበቃኛል፤ ከሳሪስ ቦሌ ደርሶ መልስ ምን ያህል ነው? ቤንዚን በሊትር 100 ብር ያለፈው በ2017 ዓ.ም. ነው። ያኔ ቻይናዋ ለኤሌክትሪክ የምትጠይቀኝን ወርኃዊ ወጪ ዲኤክሷ በአንድ ሳምንት ትጨርሰው ነበር። አባቴ ይህንን ሒሳብ ስነግረው «መብራት ሲሄድስ?» ይላል። ይሄዳል። ልማዱን ይዤያለሁ፤ ከግማሽ በታች ሳላወርድ እሰካለሁ። እናቴ ውሃ በሄደ ቁጥር እንዳትቸገር ባልዲ እንደምትሞላው ነው።

ሰርቪስ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ዘይት የለም፣ ካንዴላ የለም፣ ፍሪሲዮን የለም። የፍሬን ሸራዋ እንኳ ገና አዲስ ይመስላል፤ እግሬን ከነዳጁ ሳነሳ (አሁንም «ነዳጅ» ነው የምለው) ሞተሯ ራሱ ይይዛታል። እስካሁን ያወጣሁት ለጎሚስታና ለዝናብ መጥረጊያ ነው። ጎማ ካነሳን፣ ስኮርታ የላትም። ከኋላ ወለሉን ስከፍት ያገኘሁት ትንሽ መንፊያና የማጣበቂያ ጠርሙስ ነው። ይህንን ለአባቴ እስካሁን አልነገርኩትም።

ሆዷ ዝቅ ያለ ነው። ባትሪው ከሥር ስለተነጠፈ፣ ሰፈራችን ኮብልስቶኑ የተነሳበት ቦታ ላይ ስትጋጭ የእኔም ሆድ አብሮ ይጨነቃል። ሶኬቷ ደግሞ የቻይናው ጂቢቲ ነው። በአውሮፓው ሲሲኤስ ብቻ የሚሠራ ቻርጀር ጋ ብትደርስ እንግዳ ናት፤ ቆማ ታያለች እንጂ አትበላም። ስለዚህ ከመውጣቴ በፊት ስልክ ደውዬ «ምን ዓይነት ራስ አላችሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ስክሪኗ በቻይንኛ ነው የመጣው። አብዛኛውን ወደ እንግሊዝኛ አስቀይሬዋለሁ፤ ድምፁ ግን እምቢ አለ። በር ሲከፈት አንዲት ሴት በጣም በትሕትና የሆነ ነገር ትላለች። አባቴ ሁልጊዜ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይመልስላታል። ሰላምታ ይሁን ማስጠንቀቂያ ማናችንም አናውቅም።

እህቴ 24 ዓመቷ ነው። ቻይናዋን ያየችው በቪዲዮ ጥሪ ሲሆን የጠየቀችኝም ስለ ስክሪኑ ስፋት ብቻ ነው። ስለ ብራንዱ ስነግራት «እና?» አለች። እሷ በስድስት ዓመት ውስጥ ሦስት ዓይነት ስልክ ይዛለች፤ አንዱንም ወዳ፣ አንዱንም ጠልታ አልቀየረችም። ቶዮታ ለእሷ የአባቷ መኪና ናት፤ የለቅሶና የቀበሌ ስብሰባ መኪና። «ዶልፊን» የሚለውን ቃል እንኳ አንድ ዓይነት አንሰማውም። አባቴ ዶልፊን ሲባል የሚታየው ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ «መገናኛ፣ መገናኛ» የሚልበት የቶዮታ ሚኒባስ ነው። እህቴ የሚታያት የቢዋይዲ ትንሿ የኤሌክትሪክ መኪና ናት። እኔ 38 ነኝ፤ ሁለቱም ይታዩኛል።

አሁን ወደ ስፖኪዮው።

በስምንተኛው ወር ሳሪስ አደባባይ አካባቢ አንድ ባጃጅ የግራ ስፖኪዮዋን ይዞት ሄደ። ባጃጁ አልቆመም። ስፖኪዮው ተራ መስታወት አይደለም፤ ካሜራ አለው፣ ፍሬቻ አለው፣ በራሱ ይታጠፋል። የሸጠልኝን ሰው ደወልኩለት። «እናመጣለን፣ ሁለት ሳምንት» አለኝ። ሁለት ሳምንቱ አራት ሆነ። ከዚያ ስልክ ማንሳት ተወ። የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ከሱቅ ሱቅ ዞርኩ። አንዱ ልጅ ፎቶውን አይቶ «ወንድሜ፣ ይሄ ከቻይና ነው የሚታዘዘው» አለኝና አጠገቡ የተቆለለውን የቶዮታ ቪትዝ ስፖኪዮ በዓይኑ አሳየኝ። ግራው ለብቻ፣ ቀኙ ለብቻ፣ ኦሪጅናሉ፣ የዱባዩ፣ ከተበታተነ መኪና የወጣው። የፈለግከውን በ20 ደቂቃ ይዘህ ትወጣለህ። እኔ ለአንዷ ስፖኪዮ ሰባት ሳምንት ጠበቅሁ። በመጨረሻ ከጓንዡ ዕቃ የሚያመላልስ ነጋዴ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ።

በእነዚያ ሰባት ሳምንታት የመዋቢያ መስታወት በላስቲክ አስሬ ነዳሁ። ዘመናዊ መኪና፣ የ12 ኢንች ስክሪን፣ የሴቶች መስታወት። ያን ጊዜ ነው የአባቴ ቶዮታ ወዳድነት የገባኝ። አባቴ የሚያምነው ጃፓን ያለን ፋብሪካ አይደለም። የሚያምነው ተክለሃይማኖት ያለውን መካኒኩን ነው፤ ለ30 ዓመት አንድ ጋራዥ፣ አንድ ሰው። ዲኤክሷ ገና ግቢው በር ላይ ሳለች መካኒኩ በድምጿ ብቻ «ካምቢዮዋን ነው» ይላሉ። የሚያምነው ሶማሌ ተራን ነው፤ ደላላውንም ጭምር። «ቶዮታማ ብር ነው» የሚለው ደላላ ቀልዱን አይደለም፤ ቶዮታ ጠዋት ሊብሬዋን ይዘህ ብትወጣ ማታ ገንዘብ ይዘህ ትገባለህ ማለቱ ነው። እኛ «ብራንድ» የምንለው ለአባቴ ይህ ሁሉ ሰውና ሱቅ ነው።

ቻይናዋን ለመካኒኩ ወስጄላቸው ነበር። ዞር ዞር ብለው አዩዋትና «ልጄ፣ የት ነው የምነካት?» አሉኝ። ቅር እንዳላቸው ታወቀኝ። መልስ አልነበረኝም።

ፈረንጆቹ ይህንን አጥንተውታል። እ.ኤ.አ. በ2005 ጆርናል ኦፍ ማርኬቲንግ የተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ፈረንሳይ ውስጥ አዲስ መኪና የገዙ ሰዎችን ተመልክቶ ነበር። በዕድሜ የገፉት የሚያወዳድሩት ብራንድ ጥቂት፣ ጎራ የሚሉበትም ሻጭ ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ብዙ ጊዜ ያንኑ የነበራቸውን ይደግማሉ፤ በተለይ ብዙ ዓመት የቆየ ስም ይመርጣሉ። ኩባንያዎቹም ያውቁታል። አሜሪካ ውስጥ ኦልድስሞቢል የሽማግሌ መኪና የሚል ስም ስለወጣለት እ.ኤ.አ. በ1988 «ይሄ የአባትህ ኦልድስሞቢል አይደለም» እያለ ማስታወቂያ አስነገረ። አልዳነም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ተዘጋ። ቶዮታ ራሱ ለወጣት ብሎ ሳይን የሚባል ብራንድ እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ላይ አወጣና እ.ኤ.አ. በ2016 አጠፈው። ወጣቱን በወጣት ስም መያዝ ቀላል ሥራ አይመስልም።

ግን ዕድሜ ብቻውን ሁሉን አይገልጽም፤ ሰፈሬን አይቼ ነው የምለው። ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ ከሁሉ ቀድመው የኤሌክትሪክ መኪና የገዙት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። 66 ዓመታቸው ነው። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ እኔ ከዚህ በኋላ ለነዳጅ ሰልፍ የማባክነው ዕድሜ የለኝም» አሉኝ። በሌላ በኩል አንድ ቀን የጫነኝ የራይድ ሾፌር 26 ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቪትዝ ነው የሚነዳው። ኤሌክትሪክ አትገዛም ወይ ስለው ሳቀ። «ቪትዝ ብትታመም ሐኪሟ በየመንገዱ አለ። እኔ አንድ ቀን ከቆምኩ ዕቁቤን ማን ይጥልልኛል?» አለ። መኪናዋ እንጀራው ናት። በሃሳቡ ከአባቴ ጋር እኩያ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። ምርጫ የምንለው ነገር ለብዙዎቻችን ተዘግቷል። እኔ ስገዛ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መንግሥት ካገደ አራት ወር አልፎ ነበር። ስለዚህ የእህቴ ዕድሜ ያሉት ቶዮታን ትተው አይደለም ቻይና የሚገዙት። አዲስ መኪና ሲሉ ከፊታቸው የሚቆመው እሱ ነው። ታማኝነት የለሽ ናቸው ብሎ መፍረድ ይከብደኛል፤ ገና ማንም አልጣላቸውም፣ ማንም አላነሳቸውም።

በመስከረም አባቴን አዳማ ወሰድኩት። በፈጣን መንገዱ። በቻይናዋ ረጅም መንገድ ሲሄድ የመጀመሪያው ነው። ወደ አዳማ ስንወርድ ባትሪው የበላው 21 ከመቶ ብቻ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ቁጥሩ ከ83 ወደ 84 ከፍ ሲል አየና «ተበላሸ?» አለ። እየሞላች ነው አልኩት። ዝም ብሎ ስክሪኑን ሲያይ ቆየ። ስንመለስ አቀበቱ 33 ከመቶ በላ። «አየህ፣ ያበደረችህን መልሳ ወሰደች» አለኝ። ይህችን አባባል ወደድኳት።

እዚያው መንገድ ላይ ስለ አያቴ አወራልኝ። አያቴ ፊያት 1100 ነበረው። አባቴ ዲኤክሷን ገዝቶ ሊያሳየው ሲሄድ አያቴ በጣቱ በሩን አንኳኳና «ጣሳ ገዛህ» አለው። ለአያቴ መኪና ማለት ጣሊያን ነበር፤ የጃፓን ደግሞ የልጆች ጨዋታ። ሲሞት ፊያቷ ቆማ ነበር፤ ዕቃዋን የሚያውቅ መካኒክ ጠፍቶላት። ፊያቷ ሄደች፣ ቃላቷ ግን ቀሩ። ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ስኮርታ፤ አባቴ የጃፓኗን መኪና በጣሊያንኛ ነው ሲያሠራት የኖረው። ያን ጊዜ ስንት ዓመትህ ነበር አልኩት። ቆጠረ። «38» አለ። ሁለታችንም ዝም አልን። ቀጥሎ እሱ «ግን ዲኤክስ ጣሳ አይደለችም» አለ።

ደግሜ እገዛለሁ ወይ? የኤሌክትሪክ መኪና፣ አዎ፣ ሳላመነታ። ይህንኑ ብራንድ? ስፖኪዮው ሶማሌ ተራ ተቆልሎ ካየሁ። እህቴን የሚገርማት ስክሪን በሁለተኛው ወር ለእኔ ተራ ሆነ። ዝምታዋ ግን እስካሁን አልሰለቸኝም፤ ማታ ስገባ ጎረቤት አልቀሰቅስም።

አንድ የቀረች ነገር። ነጋዴው ከጓንዡ ስፖኪዮውን ሊያመጣ ሲል አባቴ «ሁለት አድርገህ እዘዝ» ብሎኝ ነበር። አዘዝኩ፤ የትርፉን ገንዘብ ራሱ ከፈለ። ትርፉ ስፖኪዮ አሁን እሱ ቤት ነው፤ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ የዲኤክሷ ካንዴላዎች ካሉበት መደርደሪያ ላይ። ጋዜጣው ላይ በስክሪፕቶ ጽፎበታል፦ «ቻይናዋ - ግራ»።