ቦራይድ የተደረጉ ዳይና ፐንች፦ ከዘጠኝ ወር አገልግሎት በኋላ

ከዘጠኝ ወር በፊት ከዲ2 ቱል ስቲል (ለመሣሪያ መሥሪያ ከሚውል ጠንካራ ብረት) የተሠሩ ሁለት መሣሪያዎችን፣ ማለትም የሴራሚክ ዱቄት የምንጨምቅበትን ዳይና ቆርቆሮ የምንቆርጥበትን ፐንች፣ በአንድ ዙር ቦራይድ አስደርጌ ነበር። ዛሬ ስለ ሁለቱ አንድ ዓይነት ምስክርነት መስጠት አልችልም።

ቦራይድ እንደ ቀለም ከላይ የሚቀባ አይደለም። መሣሪያው ቦሮን ባለው ዱቄት ተቀብሮ ከ850 እስከ 1000 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ለሰዓታት ሲቆይ ቦሮኑ ወደ ብረቱ ይሰርጽና ከራሱ ከብረቱ ጋር ይዋሃዳል። ጠንክሮ ቴምፐር የተደረገ (እንዳይሰባበር እንደገና በመጠኑ የተሞቀ) ዲ2 በጥንካሬ መለኪያው ቪከርስ ወደ 700 ገደማ ሲሆን፣ የቦራይዱ ንብርብር ግን ከ1400 በላይ ይደርሳል። ከምድጃው በዝግታ የሚቀዘቅዘው የመሣሪያው እምብርት ለስላሳ ሆኖ ስለሚቀር፣ አየር በማይነካው ምድጃ እንደገና ማጠንከር ግድ ነው።

ዳዩ ያወጣሁበትን ወጪ መልሷል። ቀድሞ ዱቄቱ ግድግዳውን እየፋቀ በጥቂት ወራት መጠኑን ያበላሽ ነበር፤ ይህኛው አፉ አካባቢ ከመደብዘዙ በቀር እንደነበረ ነው። ያስቸገረኝ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ንብርብሩ ሲያድግ ቀዳዳውን በጥቂት ማይክሮን ስላጠበበው፣ ተራ የመሞረጃ ድንጋይም ስለማይበግረው፣ በአልማዝ ፓስታ ቀስ እያልን ማስተካከል ነበረብን። ይህን አስቀድሞ በልኬቱ ላይ ማሰብ ይገባ ነበር።

የፐንቹ ጠርዝ ግን በሦስተኛው ወር መሸራረፍ ጀመረ። በማጉያ ስመለከተው ከሥር ያለው ብረት ደህና ነው፤ የተነሣው የላይኛው ቅርፊት ብቻ ነው። አብሮ የተሠራውን የሙከራ ቁራጭ አስቆርጬ በማይክሮስኮፕ ሳስመረምረው ሁለት የብረትና የቦሮን ውህድ ንብርብር ተገኘ፦ ከላይ ቦሮን የበዛበት ኤፍኢቢ፣ ከሥሩ ኤፍኢ2ቢ። ሁለቱ ሲቀዘቅዙ እኩል ስለማይኮማተሩ የላይኛው ተወጥሮ፣ የታችኛው ተጨምቆ ይቀራል፤ ቆርቆሮ በተቆረጠ ቁጥር የሚያርፈው ምት ስንጥቁን በመካከላቸው ይከፍተዋል። በተራ የካርቦን ብረት ላይ ንብርብሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ወደ ውስጥ ይነክሳል፤ 12 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ባለው ዲ2 ላይ ግን ወሰኑ ለጥ ያለ ስለሆነ ያን ያህል አጥብቆ አይዝም።

ከፊሉ ጥፋት የእኔ ነው፤ ትእዛዝ ስሰጥ «ጠንካራ ይሁን» አልኩ እንጂ ኤፍኢ2ቢ ብቻ ይሁን አላልኩም። ሁለተኛውን ዳይ ለቦራይድ ልኬዋለሁ፤ አዲሱ ፐንች ግን ያለ ምንም ሽፋን፣ ጠንክሮ ቴምፐር እንደተደረገ እየሠራ ነው።