የጉበት ጂኖች ጡት ከመጣል በፊትና በኋላ

ጡት በሚጠባ የአይጥ ልጅ ጉበትና ጡት በጣለ አይጥ ጉበት ውስጥ ያሉት ጂኖች አንድ ናቸው፤ የሚለያየው የሥራቸው መጠን ነው።

የአይጥ ወተት ከሚሰጠው ኃይል ከግማሽ በላይ የሚገኘው ከስብ ነው፤ ስኳሩ ጥቂት ነው። ስለዚህ በመጥባት ዘመን ስብ አቃጣይ ጂኖች ይበረታሉ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ሲፒቲ1ኤ የሚያስገኘው ኤንዛይም የስብ አሲዶች የሕዋስ ኃይል ማመንጫ ወደሆኑት ሚቶኮንድሪያ እንዲገቡ ያደርጋል። ኪቶን የተባለውን ከስብ የሚገኝ ውህድ ለማምረት የሚያስፈልገው ኤንዛይም ጂንም አብሮ ይነቃል፤ ኪቶኑ በማደግ ላይ ላለው አንጎል ነዳጅ ይሆናል። እጅግ የሚያስደንቀኝ ግን የአዛዡ ነገር ነው። እነዚህን ጂኖች የሚያነቃው ፒፓር አልፋ የተባለ ፕሮቲን ራሱ የሚነቃው ከወተቱ በተገኙ የስብ አሲዶች ነው። ወተቱ ምግብም ትእዛዝም ነው ማለት ይቻላል።

በ3 ሳምንት ዕድሜ ገደማ ጡት ጥሎ ስታርች የበዛበት መኖ ሲጀምር ሚዛኑ ይገለበጣል። የደም ስኳርን የሚቀንሰው ሆርሞን ኢንሱሊን ከፍ፣ የሚጨምረው ግሉካጎን ዝቅ ይላል፤ ከስኳር ስብ የሚሠሩ ጂኖች ይነቃሉ።

ታዲያ ለውጡን የሚያመጣው ዕድሜ ነው ወይስ ምግብ? ጡት የጣሉ አይጦች ስብ የበዛበት መኖ ሲሰጣቸው የስብ ሠሪ ጂኖች መነቃቃት በእጅጉ ይገታል። ስለዚህ ፍርዴ ወደ ምግቡ ያደላል። ዕድሜም ቢሆን የራሱ ድርሻ አለው፤ በመጥባት ዘመን ከአንዳንድ ስብ አቃጣይ ጂኖች ላይ የሜቲል ምልክቶች (ብዙውን ጊዜ ጂንን ዝም የሚያሰኙ ኬሚካላዊ ምልክቶች) ይነሣሉ፤ ኤፍጂኤፍ21 የተባለውን የጉበት ሆርሞን በሚያስገኘው ጂን ላይ ይህ ለውጥ እስከ ጉልምስና ሲዘልቅ ታይቷል።