ለሩቅ አገር ጉዞ የትኛው የብስክሌት ቁልፍ? ከጅማ ለሚነሣ ገዢ የቀረበ ንጽጽር

ጅማ ውስጥ ብስክሌት የሚጠበቀው በሰው ዓይን ነው። ፈረንጅ አራዳ አንዲት ቡና ቤት በር ላይ አስደግፎ «እናቴ፣ አደራ» ያለ ሰው ቡናውን እስኪጨርስ ሐሳብ አይገባውም። ሴትዮዋ ሲኒ እያጠቡም ቢሆን አንድ ዓይናቸው በሩ ላይ ነው። እኔም ለብዙ ዓመታት የያዝሁት ቁልፍ ፕላስቲክ የለበሰ ቀጭን የሽቦ ገመድ ነበር፤ ለወጉ ያህል።

ያ ገመድ ናይሮቢ ላይ አዋረደኝ። በሶዶ፣ በኮንሶና በያቤሎ ወርጄ፣ ሞያሌን ተሻግሬ፣ ከድንበሩ ወዲያ ያለውን 800 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ጨርሼ ከተማዋ በገባሁ ማግስት፣ ብስክሌቴን አንድ መደብር በር ላይ አስሬ ዳቦና ውሃ ልገዛ ገባሁ። ስወጣ ገመዱ ብቻውን መሬት ላይ ተጋድሟል፤ በአንድ ንክሻ ተቆርጦ። በሩ ላይ የቆመውን ጥበቃ ብጠይቀው የሚጠብቀው መኪና መሆኑን በትሕትና ነገረኝ። እውነቱን ነው፤ አደራ ያለው ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ በብስክሌት ድንበር ሊሻገር የተነሣ የከተማችን ልጅ ሁሉ «የትኛውን ልግዛ?» እያለ ይመጣል። ደጋግሜ ከምመልስ ልጻፈው ብዬ ነው።

በመጀመሪያ፣ የማይሰበር ቁልፍ የለም። አለ የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ። የምትገዙት ደቂቃ ነው፤ ሌባው ስንት ደቂቃ ይቆያል፣ በምን መሣሪያ፣ በስንት ሰው ፊት። የከተማ ነዋሪ ብስክሌቱን አንድ ቦታ አስሮ ቀኑን ሙሉ ይተዋታል፤ ማታም እዚያው ደጅ ልታድር ትችላለች። መንገደኛ ግን አሥር ቦታ ለአሥር አሥር ደቂቃ ያቆማታል፣ ማታ ደግሞ ክፍሉ ያስገባታል። በዚህ ላይ ቁልፉን ዳገት ለዳገት የሚሸከመው እሱ ነው። ጓዝ አንድ ፈረሱላ፣ ማለትም 17 ኪሎ፣ ጭኖ ከጊቤ በረሃ ወደ ላይ የወጣ ሰው አንድ ኪሎ ብረት ምን ማለት እንደሆነ ሳልነግረው ያውቃል። በአውሮፕላን የሚሄደውም ቢሆን ሻንጣው በ23 ኪሎ ይለካበታል።

የሽቦ ገመዱን ቶሎ ልለፈው። ቀላል ነው፤ ሦስት መቶ ግራም ያህል ነው፤ ርካሽ ነው፤ መርካቶ ውስጥ ሞልቷል። ብቻውን ከሆነ አትግዙት። ጥሩ ፒንሳ ቀጭኑን፣ ረጅም እጀታ ያለው የብረት መቁረጫ ወፍራሙን ይጨርሰዋል። የሚጠቅመው ለረዳትነት ነው፤ ዋናው ቁልፍ አካሏን ከያዘ በኋላ የፊት ጎማውን፣ ኮርቻውንና የራስ ቆቡን አያይዞ ለማሰር።

ሰንሰለት ሌላ ነገር ነው። መርካቶ አንድ ሱቅ ውስጥ ያለ ወጣት ሻጭ ጓጉንቸር ያለበትን ሰንሰለት በሁለት እጁ አንሥቶ «ጋሼ፣ ይህን ዝሆን አይበጥሰውም» ብሎኛል። አልተሳሳተም ይሆናል። የዓይኑ ውፍረት 10 ሚሊሜትር የሆነ፣ በእሳት የጠነከረ እውነተኛ ሰንሰለት ተራ ሌባን ያሰለቻል፤ ወፍራም ምሰሶም ዛፍም ይዞርለታል። ክብደቱ ግን አንድ ሜትር ገደማ የሆነው ከነጓጉንቸሩ 3 ኪሎ አካባቢ ነው። ደግሞም ሰንሰለት ሁሉ ሰንሰለት አይደለም። ለበር የሚሸጠው ተራ ብረት በመጋዝ ሳይቀር ይቆረጣል፤ ሰንሰለቱ ደኅና ሆኖ ጓጉንቸሩ የቆርቆሮ ያህል ሲሆንም አይቻለሁ። ሌባ የሚጀምረው ከደካማው ጫፍ ነው።

አሁን ወደ ምወደው ልምጣ። የ«ዲ» ፊደል ቅርጽ ያለው፣ የማይታጠፍ የብረት ቁልፍ ነው። የብረቱ ውፍረት 13 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ግንበኞች ከሚያውቁት ባለ 12 ፌሮ ትንሽ ይወፍራል፣ ነገር ግን እንደ ፌሮ አይታጠፍም። የአጭሩ ክብደት አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። አጭሩን የምለው ለክብደቱ ብቻ አይደለም። ረጅሙ ዲ ውስጥ ባዶ ቦታ ይተርፋል፤ ሌባው እዚያ ቦታ ክሪክ ወይም ዲጂኖ አስገብቶ ይፈለቅቀዋል። አጭሩ የኋላ ጎማውን፣ የብስክሌቷን አካልና ምሰሶውን አንድ ላይ ካቀፈ ጣት እንኳ አያስገባም። ቁልፉ መሬት አይንካ፤ መሬት ላይ ያረፈ ብረት በመዶሻ ለሚመታው ሰው መስፍ ይሆንለታል። ምሰሶውንም ነቅንቁት፣ ቀና ብላችሁም እዩት። ጫፉ ክፍት የሆነ አጭር ዘንግ ከሆነ ሌባው ብስክሌቷን ከነቁልፏ አንሥቶ ያወጣታል።

ዲ ነውር የለውም ማለት ግን አይደለም። ወፍራም ምሰሶ አይዞርለትም፤ በገጠር ከተማ ቀጭን ምሰሶ ፍለጋ ብዙ ዞሬያለሁ። የታሪክ ነውርም አለበት። በ2004 እ.ኤ.አ. ክሪፕቶናይት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ክብ ቁልፍ የሚገባባቸው ታዋቂ ምርቶቹ በተራ የእስክሪብቶ ፕላስቲክ ሲከፈቱ በኢንተርኔት ታየና ኩባንያው ለደንበኞቹ ለመተካት ተገደደ። ያ ዓይነት ክብ ቀዳዳ ያለው አሮጌ ቁልፍ በሰልባጅ ቢቀርብላችሁ፣ ስሙ ምንም ቢሆን፣ ተዉት። ጠፍጣፋ ቁልፍ የሚገባበትን ምረጡ።

ተጣጣፊው ደግሞ እንደ አናጢ ሜትር የሚታጠፍ፣ እርስ በርስ የተያያዙ የብረት ሰሌዳዎች ያሉት ነው። የጀርመኑ ኩባንያ አቡስ፣ በ1924 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው፣ ቦርዶ በሚለው ስም ይሸጠዋል። ውፍረቱ 5 ሚሊሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ ነው። ከውሃ ኮዳው አጠገብ ተጣጥፎ ይቀመጣል፤ ጉልበት አይመታም፤ የዲን ያህል ስለማይገትርም ምሰሶ አያማርጥም። ድክመቱ መገጣጠሚያው ነው፤ በዋጋም ከዲ ይወደዳል። ገንዘብ ያለው፣ ከተማ ውስጥም ብዙ የማያድር ሰው ቢመርጠው አልከራከርም።

ኔዘርላንድስ የሚሄድ በኋላ ጎማው ላይ ተሰክቶ የቀረ፣ በአንድ እጅ የሚጫን የቀለበት ቁልፍ በየብስክሌቱ ያያል። ጎማውን ከመዞር ይከለክላል እንጂ ተሸክሞ ለሚሄድ ሌባ ምንም አይደለም። ዓይናችሁ እያየ ለምትገዙት ዳቦ ያህል ግን ደስ የሚል ነገር ነው።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ላይ ለምታዙ፣ ከማሸጊያው ላይ ሁለት ምልክቶች ይፈልግላችሁ። ሶልድ ሴኪውር የተባለው የእንግሊዝ ፈታሽ ከነሐስ ጀምሮ በብርና በወርቅ አልፎ እስከ አልማዝ ደረጃ ይሰጣል፤ የኔዘርላንድሱ አርት ደግሞ በኮከብ ይቆጥራል። ለመንገደኛ ብር በቂ ነው፤ ወርቅ ካገኛችሁ እሰየው። አልማዙ ከባድ መሣሪያ ይዞ ለሚመጣ የትልቅ ከተማ ሌባ ነው፤ ክብደቱም በዚያው ልክ ነው።

ብዙዎች ከቁልፍ ይልቅ መከታተያ ልግዛ ይላሉ። የአፕሉ ኤርታግ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 11 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ ኮርቻ ሥር የሚደበቅ ነገር ነው፤ ባትሪው አንድ ዓመት ያህል ይቆያል። ነገር ግን በራሱ ሳተላይት አያይም። ያለበትን የሚናገረው በአጠገቡ የአፕል ስልክ የያዘ ሰው ሲያልፍ ነው። በርሊን ውስጥ በየደቂቃው ያልፋል፤ ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት ባለው መንገድ ግን የሚያልፈው ግመል ነው። ይባስ ብሎ ሌባው ራሱ አይፎን ከያዘ፣ የማይታወቅ መከታተያ አብሮት እየተጓዘ መሆኑን ስልኩ ያስጠነቅቀዋል። ሲም ካርድ የሚገባበት መከታተያ ከዚህ ይሻላል፤ ቻርጅና የየአገሩ ሲም ግን ይፈልጋል። የሁለቱም ዋጋ ከጥሩ ቁልፍ በኋላ ይምጣ።

ከሁሉም ርካሹ ወረቀት ነው፤ እኔም ያጣሁት እሱን ነበር። የመኪና ሻንሲ ቁጥር እንደሚባለው ሁሉ ብስክሌትም ቁጥር አላት፤ ብዙውን ጊዜ ከፔዳሉ መሐል በታች ተመትቶ ይገኛል። ገልብጡና ፎቶ አንሡት፤ ደረሰኙንና የብስክሌቷን ፎቶ ጨምራችሁ ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩት። ናይሮቢ ፖሊስ ጣቢያ የክስተት መዝገብ ቁጥር፣ እነሱ «ኦቢ» የሚሉትን፣ ሰጡኝ፤ የሻንሲ ቁጥሯን ሲጠይቁኝ ግን «ሰማያዊ ናት» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። የጉዞ መድን ያላችሁ ከሆነም የፖሊስ ወረቀት ሳይዙ ካሣ መጠየቅ ከንቱ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ውሉ ለአንድ ዕቃ እስከ ስንት እንደሚከፍልና ምን ዓይነት ቁልፍ እንደሚጠይቅ አንብቡ፤ ጣሪያው ከብስክሌታችሁ ዋጋ በታች ሊሆን ይችላል። ፓስፖርትና ገንዘብ ከብስክሌቷ ጋር የታሰረ ቦርሳ ውስጥ አይግቡ፤ የእኔዎቹ ወገቤ ላይ ስለነበሩ ነው በአውቶቡስ ወደ አገሬ የተመለስሁት።

እንግዲህ የኔ ምርጫ አጭር ዲ፣ ለጎማዎቹ ያቺ የተዋረደች የሽቦ ገመድ፣ ኪስ ውስጥ ደግሞ የሻንሲ ቁጥር ነው። በአንድ ትልቅ ከተማ ሳምንት ለሚቀመጥ ሰው ግን ሰንሰለቱን እመክራለሁ፤ እዚያው ገዝቶ ሲወጣ ቢሸጠው ከመሸከም ይድናል።

ያን የመርካቶውን የዝሆን ሰንሰለት በመጨረሻ ገዛሁት። ወጣቱ «ጋሼ፣ ለጉዞ ነው?» አለኝ። ለበረንዳዬ ነው አልሁት፤ አዲሷን ብስክሌት ማታ ማታ ከምሰሶው ጋር የሚያስራት እሱ ነው፤ ከቤቴ እስከ በረንዳው ደግሞ ዳገት የለም።